«ፍሊገርሆርስት»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች፣ ጀርመን ሀኖቨር አጠገብ ስላለው የቩንስቶርፍ ወታደራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ እነሱ ቦታውን ፍሊገርሆርስት ይሉታል፣ ፍሊገር አብራሪ መሆኑ ገብቶኛል ሆርስት ላይ ግን ቆሜያለሁ። «የአብራሪዎች ጎጆ» ቢባል ያስኬዳል? በ1948 ለበርሊን በአውሮፕላን ርዳታ የተመላለሰበትን ሉፍትብሩከ የሚሉትንስ?

መልስ፦ ሆርስት የማንኛውም ወፍ ጎጆ አይደለም፣ እንደ ንስር ያሉ አዳኝ አሞሮች ገደል ላይ ወይ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ የሚሰሩት ነው። በአማርኛ ግን ዝም ብለህ ጎጆ ካልክ አንባቢው የሚታየው የሳር ቤት ነው፣ ሲብስም ጎጆ መውጣት ትዳር መያዝ ይመጣበታል፣ ስለዚህ እኔ አልመርጠውም። አየር ምድብ በለው። የኛ አየር ኃይል ራሱ ድሬዳዋ ያለውን ምስራቅ አየር ምድብ ነው የሚለው፣ ሰው የሚያውቀው ቃል ነው።

ሌላ ደግሞ ጽሑፉ ላይ የሚመጣልህን ጌሽቫደር የሚሉትን የአየር ኃይል ክፍል ስኳድሮን ብለህ እንዳትመልሰው በጣም ተጠንቀቅ፣ ድምጹ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስኳድሮን የሚሆነው ሽታፈል የሚሉት ነው፣ ጌሽቫደር ብዙ ሽታፈሎችን የሚይዝ ትልቅ ክፍል ነው።

ሌላ መልስ፦ በአየር ምድብ እስማማለሁ ግን መጀመሪያ ሲጠቀስ የአሞራውን ትርጉም በአንድ ሐረግ አስገባው፣ ምክንያቱም የዚያን ዘመን መንፈስ የያዘ ቃል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተፈረመው የቬርሳይ ውል ጀርመን አየር ኃይል እንዳይኖራት ከልክሎ ነበር፣ ቩንስቶርፍ መሰራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፣ ናዚዎች ደግሞ ሉፍትቫፈን፣ ማለት የጀርመንን አየር ኃይል፣ በይፋ ያሳወቁት በመጋቢት 1935፣ ማለት ግንባታው ከአዋጁ ቀድሟል። እዚያ የሰፈረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ በቦልከ ስም የተጠራ የቦምብ ጣይ ጌሽቫደር ነበር፣ ከዚያ የሄዱ በራሪዎችም በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጀርመን በላከችው ጦር በኮንዶር ሌጌዎን ተዋግተዋል፣ ኮንዶርም አሞራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ያ ሌጌዎን ነው በ1937 የስፔኗን ከተማ ጌርኒካን ያወደመው። ስለዚህ አዳኝ አሞራ የሚለው ቃል ማስጌጫ ብቻ አልነበረም፣ ሰዎቹ ራሳቸውን የሚያዩበት መንገድ ነበር፣ ይሄ ከትርጉሙ ቢጠፋ በእውነት ያሳዝነኛል።

ሉፍትብሩከ ላይ ግን «የአየር ድልድይ» ብለህ ቀጥታ መልሰው፣ እዚህ ጋ ቃሉ ለአማርኛ ይመቻል። በ1945 እንግሊዞች ቩንስቶርፍን ያዙት፣ በሰኔ 1948 ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን መኪና መንገድ፣ ባቡርና የውሃ መንገድ ሲዘጉ ዳኮታና ዮርክ የሚባሉ አውሮፕላኖች ከዚያው ማረፊያ ተነስተው በምዕራብ በርሊን ጋቶቭ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጭነት ያራግፉ ነበር። አየሩም ዝም ብሎ ክፍት አይደለም፣ የተፈቀዱት 3 ጠባብ መተላለፊያዎች ነበሩ፣ እያንዳንዱ ወርዱ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰሜኑና በደቡቡ ይገባሉ በመሀለኛው ይመለሳሉ፣ ማንም ወደ ጎን መውጣት አይችልም። ከዚህ በላይ ድልድይ የሚሆን ምን አለ? በጠቅላላው 2.3 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ተሻግሯል፣ አብዛኛው ምግብ እንዳይመስልህ፣ ከሰል ነው። የበርሊን ሰው እነዚያን አውሮፕላኖች ሮዚነንቦምበር ብሎ ጠራቸው፣ ሮዚነን ዘቢብ ነው፣ «ዘቢብ ጣይ» ብትለው እጅግ ያምራል። ከ3 እና 4 ዓመት በፊት ቦምብ ሲወርድበት የነበረ ሕዝብ ነው እንዲህ ያለው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቅሞኛል። በ77ቱ ድርቅ ትራንሳል የሚባሉት የጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች እኛ አገር ያደረጉትስ በዚሁ ቃል ይገባል? ጽሑፉ ላይ ትራንሳል በቩንስቶርፍ ታሪክ ውስጥ ብዙ ቦታ ይዟል።

መልስ፦ ከፊሉ ይገባል። እህል ጭነው አርፈው የሚያራግፉበትን የአየር ድልድይ በለው፣ ከእንግሊዞቹ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ጋር ሆነው መንገድ በሌለበት ደጋ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ የለቀቁትን ግን «ከአየር መጣል» በለው፣ ሁለቱ ሥራዎች ለየብቻ ናቸውና አትቀላቅላቸው። ለማረፊያው መንገድ ደግሞ ማኮብኮቢያን ተጠቀም፣ አኮበኮበ ለመብረር መንደርደር ነው፣ ለአሞራም ለአውሮፕላንም ይሆናል፣ ዛሬ ከቩንስቶርፍ ለሚነሱት ኤ400ኤም አውሮፕላኖችም ያው ነው።