የሮታ ክትባት አቅሙ ዝቅ በሚልበት አገር እንዴት ይበልጥ አዋጭ ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሮታ ቫይረስ ክትባት አዋጭነት ላይ ነው። ክትባቱ በሀብታም አገሮች ከባድ የሮታ ተቅማጥን ከ85 በመቶ በላይ ይከላከላል፤ ብዙ ሕፃናት በሚሞቱባቸው ድሃ አገሮች ግን ወደ 50 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ታዲያ የሚያዋጣው በድሃ አገር ነው ሲባል እንዴት ነው? አማካሪዬ «አስረዳ» ብሎኝ ቸግሮኛል።

መልስ 1፦ መቶኛውን ተውና የሚተርፈውን ሕፃን ቁጠር። ለምሳሌ (ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል ነው) ከ100,000 ሕፃናት 200 በሮታ የሚሞቱ ከሆነ፣ 50 በመቶ ማለት 100 ነፍስ ነው። የሚሞቱት 2 ብቻ ከሆኑ ግን 90 በመቶውም ሁለት አይሞላም። ዳሊ (በሞትና በሕመም የሚጠፉ ጤናማ ዓመታት መለኪያ) ስታሰላ የአንድ ሕፃን ሞት ብዙ ዓመታት ስለሚያሳጣ ሚዛኑን የሚደፋው እሱ ነው፤ የታመመባቸው ጥቂት ቀናት ኢምንት ናቸው። በሀብታም አገር ትርፉ በአብዛኛው ከሆስፒታል አልጋ እና ወላጅ ከሥራ ከመቅረቱ ነው የሚገኘው።

መልስ 2፦ ክትባት ክፍል ነው የምሠራው። ወጪው ላይ የዶዙን ዋጋ ብቻ አስገብተህ እንዳታልፍ። ከሮታ ክትባቶቹ ሮታሪክስ 2 ዶዝ ነው፣ ሮታቴክ 3። የሚባክነው፣ ማጓጓዣው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ሁሉ ይቆጠራል። ማሸጊያው ትልቅ ከሆነ ሌላ ፍሪጅ ሊያስገዛህ ይችላል! ግን ከሌሎቹ መደበኛ ክትባቶች ጋር በአንድ ቀጠሮ ስለሚሰጥ ለብቻው ዘመቻ አያስፈልገውም።

መልስ 3፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው፣ ተቅማጥን በሙሉ በክትባቱ ሂሳብ አታስገባ። እንደ ኮሌራና ሺጌላ ያሉ ሌሎች የተቅማጥ አምጪዎችን አይነካም። ደግሞ ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካው ውሕድ) እና ዚንክ በደንብ የሚዳረሱበት ቦታ ሞቱ ቀድሞ ስለቀነሰ ክትባቱ የሚያድነው ያንሳል፤ መነሻህን እዚያ ላይ አስተካክል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎንዮሽ ጉዳቱንስ ላስገባ?

መልስ 1፦ አስገባው። ሮታሺልድ የተባለው የቀድሞ የሮታ ክትባት አንጀት በአንጀት ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል ተብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። በአሁኖቹ ክትባቶች አደጋው ከ100,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 6 ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ክትባቱን ለሁሉም አገሮች መክሯል።

መልስ 3፦ ውጤትህን (አንድ ዳሊ ለማዳን የሚወጣውን ገንዘብ) ከአገሩ ነፍስ ወከፍ ገቢ አንድ ወይም ሦስት እጥፍ ጋር ብቻ አታወዳድር። ያ መለኪያ ሁሉንም ነገር አዋጭ ያደርገዋል ተብሎ ክፉኛ ተተችቷል። በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ይሠራ ነበር የሚለውን ጨምርበት፤ ፈታኞች መጠየቃቸው አይቀርም።