የሲቪዬ መክፈቻ ላይ ምን ልጻፍ? (የሂሳብ ሥራ፣ 2 ዓመት ልምድ)

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ 2 ዓመት በጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ወደ 30 ቦታ አመልክቼ የተደወለልኝ አንዴ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ሲቪዬን አይታ «ችግሩ የመጀመሪያዋ አንቀጽ ናት» አለችኝ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ትጉህና በቡድን መሥራት የምችል ባለሙያ ነኝ። እውቀቴንና ችሎታዬን የማዳብርበት መልካም ስም ያለው ድርጅት ውስጥ መቀጠር እፈልጋለሁ።»

ስንመረቅ ከክፍል ጓደኛዬ ሲቪ ላይ የወሰድኩት ነው። ምን ላድርገው? እባካችሁ እርዱኝ።

ቅጥር ክፍል ያለሁ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሲቪ ሳጣራ 8 ዓመቴ ነው። ይቺን አንቀጽ በቃሌ አውቃታለሁ፤ ከአሥር ሲቪ ስድስት ሰባቱ ላይ አለች። ነርስም ሾፌርም መሐንዲስም ቢጽፋት አንድ ናት። የምታወራው ደግሞ አንቺ ስለምትፈልጊው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ መቶ ሁለት መቶ ሲቪ ሲከመር እኔ የምፈልገው፣ ይህ ሰው የትኛውን ሥራ ከላዬ ያነሳልኛል የሚለውን ነው። እስኪ ንገሪን፤ በወር ውስጥ ምን ምን ትሠሪያለሽ? የስንት ሰው ደመወዝ? በምን ሶፍትዌር? ለገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚቀርበውን የግብር ማሳወቂያ ማን ያዘጋጃል?

ጠያቂዋ፦ የ45 ሠራተኞችን ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። የሥራ ግብሩን፣ ጡረታውን (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ) እና 15 በመቶውን ቫት በየወሩ በኢ-ታክስ (በኢንተርኔት የግብር ማሳወቂያው) አሳውቃለሁ። የ3 ባንኮችን ሂሳብ ከመዝገባችን ጋር አስታርቃለሁ። የምንጠቀመው ፒችትሪ ነው። ግን ይሄ ማንም አካውንታንት የሚሠራው ነው ብዬ ታች ልምድ ላይ «የሂሳብ ሥራዎችን ማከናወን» ብዬ አለፍኩት።

ቅጥር ክፍል ያለሁ፦ ኧረ እህቴ! ዋናውን ነገር ደብቀሽዋል እኮ። ከገቢዎች ቅጣት መጥቶባችሁ ያውቃል?

ጠያቂዋ፦ እኔ ከያዝኩት ወዲህ አንድም ጊዜ የለም። ከኔ በፊት ዘግይተው በማሳወቃቸው ሁለቴ ተቀጥተዋል።

ኦዲተሩ፦ ይቺን ይዘሽ ውጪ! የድርጅት ባለቤት «ትጉህ ነኝ» የሚለውን አንብቦ ያልፋል። «በ24 ወር አንድም የመዘግየት ቅጣት አልመጣም» ሲል ግን ቆሞ ያነባል። ትጋትሽንም ያኔ ራሱ ይረዳዋል፤ አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም።

ከቨርጂኒያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። መክፈቻውን አንዴ ጽፈሽ ለሁሉም አትላኪ። ማስታወቂያውን አጠገብሽ አስቀምጪ። ደመወዝ ላይ ካተኮረ ደመወዙን አስቀድሚ፤ ግብር ላይ ከሆነ ግብሩን። እዚህ አሜሪካ ሥራ ስፈልግ መጀመሪያ የተነገረኝ ይሄ ነበር። ፎቶና የጋብቻ ሁኔታም አውጪ ተብዬ ነበር፤ አገር ቤት ግን ማስታወቂያው የሚለውን ተከተይ።

የዘንድሮ ተመራቂ፦ ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ልምድ የሌለን ሰዎችስ? እንደ እሷ የምቆጥረው ነገር የለኝም።

መምህሩ፦ አለህ እንጂ። አፓረንትሺፕ (የተግባር ልምምድ) የት ወጣህ? እዚያ በእጅህ የነካኸው ሥራ ምንድን ነው? የመመረቂያ ጽሑፍህ በምን ላይ ነበር? ከነዚህ ለቦታው የሚቀርበውን አንዱን ምረጥ። የመውጫ ፈተና ውጤትህ ከፍ ያለ ከሆነ ቁጥሩን ጻፈው። «አልፌያለሁ» ማለት ብቻ ግን ቦታ ይይዛል፤ አብሮህ የተመረቀው ሁሉ አልፏል። «ለመማር ዝግጁ ነኝ» የምትለውንም ተዋት፤ ልጆቼ ሁሉ ይጽፏታል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ሞከርኩት፦

«የ2 ዓመት ልምድ ያላት የሂሳብ ባለሙያ። በመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የ45 ሠራተኞችን ደመወዝና ጡረታ፣ ወርሃዊ የቫት ማሳወቂያና የ3 ባንኮች ማስታረቂያ በፒችትሪ የምትሠራ። በ24 ወራት ውስጥ የመዘግየት ቅጣት አልደረሰም። በአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) የካበተ እውቀት ያላት።»

ኦዲተሩ፦ በጣም ጥሩ። የመጨረሻዋ ላይ ግን ልጠይቅሽ፤ አይኤፍአርኤስ ሠርተሽበታል?

ጠያቂዋ፦ አይ፣ የ5 ቀን ሥልጠና ነው የወሰድኩት።

ኦዲተሩ፦ እንግዲያው «የ5 ቀን ሥልጠና» በይና ታች ሥልጠና ላይ አድርጊው። እኔ ጠያቂ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ እዚያ ላይ ነበር። እዚያ ከተንገዳገድሽ ቅጣቱን የጻፍሽውንም እጠራጠራለሁ፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው።

ጠያቂዋ፦ አወረድኩት። ነገ 11 ሰዓት የሚዘጋ ማስታወቂያ አለ፤ ደመወዝ ላይ ነው። በዚሁ እልካለሁ።