ፈረሴ በግራ አልዞር አለኝ፣ ጀርባውንም ያመዋል መሰለኝ፤ ለጥር 23 እንዴት ላድርሰው?

ባለዳማው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። ዳማ ፈረስ አለኝ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጠባዩ ወርቅ ነው። በቀኝ ሲዞር ችግር የለበትም። በግራ ግን አንገቱን ያደነድንና በትከሻው ገፍቶ ይወጣል። ኮርቻ ይዤ ስቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጠፍሩን ሳጠብቅ ደግሞ ሊነክሰኝ ይዞራል። ሶምሶማ ላይ ጀርባው ድርቅ ይላል። ሰፈር ያሉት «ሰንፎብህ ነው፣ ልጓሙን ጠበቅ አድርግ» ይሉኛል። እኔ ግን ሰንፎ አይመስለኝም፣ አሞት ነው። ሐሳቤ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ልወጣበት ነበር። አሁን ኅዳር ገባ። ምን ባደርግ ነው ሳያመው ቀጥ ብሎ የሚሸከመኝ?

የከብት ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ልጓም እንዳታጠብቅ። የነገርከን ሁሉ የሕመም ምልክት ነው። ሕመሙ ሳይለቀው ልምምድ ብትጀምር ሕመሙን የሚሸሽበትን አካሄድ ነው የምታጠነክርለት።

መጀመሪያ ጀርባውን ፈትሽ። ከጋማው መጨረሻ ካለው ጉብታ ጀምረህ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በጣቶችህ ቀስ እያልክ ጫን ጫን እያደረግክ እስከ ወገቡ ውረድ። የሚሰብቅበት፣ ቆዳው የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ካለ ያዘው። ቀጥሎ ኮርቻው። የፊቱ ጫፍ ትከሻው አጥንት ላይ መውጣት የለበትም፣ የኋላውም ከመጨረሻው የጎን አጥንት ማለፍ የለበትም፣ ሁለቱ እንጨቶች መካከል ደግሞ አከርካሪው ምንም ሳይነካው ክፍት መሆን አለበት። ጋልበህ ስትመለስ ላቡን እይ። ዙሪያው ረጥቦ መሀሉ ደረቅ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ኮርቻው ከመጠን በላይ ይጫነዋል ማለት ነው። ዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ ነጭ ፀጉር ብቅ ብቅ ካለ ደግሞ ጉዳቱ የቆየ ነው፣ ገጣባ እስኪሆን አትጠብቅ።

ጥርሱንም አሳይ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ብቅ እያለ ይሄዳል፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ጠርዙ ይሳልና ጉንጩን ይቆርጠዋል፤ በአንድ ጎን አልዞርም የሚል ፈረስ ብዙ ጊዜ አፉ ውስጥ ነገር አለ። ሰኮናውም ፊቱ ረዝሞ ከሆነ ይስተካከል።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ክብደት። ብዙዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሰውና ኮርቻ አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ይላል። ሚዛን ከሌለህ በሜትር ገምት፦ የደረቱን ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ለካና በራሱ አባዛው፣ ከደረቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው ባለው ርዝመት አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው። ዙሪያው 150 ርዝመቱ 130 ቢሆን ወደ 246 ኪሎ ይመጣል። 20 በመቶው 50 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አትውጣበት ማለቴ አይደለም። ግን በአጭሩ ጋልብ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውረድለት።

የዳንግላው ጋሼ፦
ልጄ፣ ሐኪሙ የነገረህን ስማ። «ሰንፏል» የሚሉህን ተዋቸው፣ ፈረስ ምላስ ስለሌለው በጆሮው ነው የሚነግርህ። እኛ ፈረስ የምናደርሰው በእግር ነበር። ሰው ሳይወጣበት፣ ጠዋት ጠዋት፣ በመጫኛ እየተሳበ ሜዳውንና ጉብታውን በእርጋታ ይሄዳል። ሽምጥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ልጆቹ በዓሉ ሲቃረብ ከግጦሽ ያወጡትና በሳምንቱ ሽምጥ ያስጋልቡታል፣ እሱ በጣም ያናድደኛል።

ባለዳማው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ ዳሰስኩት። ከጉብታው ኋላ በግራ በኩል ጫን ሳደርገው ወገቡን ሰበቀ። በቀኝ ምንም አላለም። ኮርቻውን ለጊዜው አውርጃለሁ። በዚህ መሀል ሳልወጣበት ምን ላሠራው?

ፈረስ አስተማሪ ከጀርመን፦
ኮርቻውን ማውረድህ ጥሩ ነው። እዚህ የማስተምራቸው ፈረሶች ትልልቅ ናቸው፣ አካላቸው ግን አንድ ነው፣ ስለዚህ የምለው ላንተም ይሠራል።

ፈረስ እንደ እኛ የአንገት ሥር አጥንት የለውም። ደረቱ በሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል በጡንቻ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ቆሞ እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የፊት እግሮቹ ላይ ነው፣ አንተ ስትወጣበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የሚጠነክረው የደረቱና የሆዱ ጡንቻ ነው፤ ሆዱ ሲሰበሰብ ጀርባው ከፍ ይልና ሰው መሸከም ይችላል። ጭንቅላቱን በልጓም ወደ ላይ ከሰቀልክበት ግን ጀርባው ይሰምጣል፣ ያኔ ሕመሙ ይመለሳል።

በእርምጃ ብቻ ጀምር፣ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ አንገቱን ወደ ታች ዘርግቶ ይሂድ። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት መሬት ላይ በ70 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ርቀት አጋድምና ቀስ ብሎ ይራመድባቸው፣ እግሩን ሲያነሳ ሆዱን ይሰበስባል። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ አስኪደው፣ ግን ጎትተህ ሳይሆን ደረቱን በእጅህ ነካ አድርገህ። ሥራውን ስትጨርሱ ገብስ በእፍኝህ ይዘህ አንዴ ወደ ጎኑ፣ አንዴ በፊት እግሮቹ መካከል ዝቅ አድርገህ አስከትለው። እግሩን ሳያንቀሳቅስ አንገቱን አጥፎ ይድረስበት፣ ትንሽ ያቆየው። በግራ ሲያቅተው አታስገድደው፣ እስከቻለበት ይበቃል። ክብም ስታዞረው ሰፊ ይሁን፣ በግራ አጠር ያለ ግን ደጋግመህ።

አንተንም ጠይቅ። እርካቦችህ እኩል ናቸው? ሁልጊዜ በአንድ ጎን ነው የምትወጣው? ብዙ «ጠማማ» ፈረስ ያየሁት አንድ ቂጡ ላይ በሚቀመጥ ሰው ሥር ነው። ድንጋይ ላይ ቆመህ ውጣ፣ ጎን እየቀያየርክ።

ጡንቻ በሁለት ወር ገደማ ለውጥ ያሳያል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለጥር 23 በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ ልታደርሰው ትችል ይሆናል። ሽምጡን ለከርሞ አቆየው።

ባለዳማው፦
ከባድ ነው፣ ግን ገባኝ። በሰልፉ ከወጣሁ ይበቃኛል። ኮርቻውን ከታች ግላስ ባበዛበትስ?

የከብት ሐኪም፦
አይሆንም። ጠባብ ጫማ ላይ ካልሲ እንደ መደረብ ነው፣ ይበልጥ ይጨምቀዋል። ኮርቻውን ገልብጥና የሁለቱን እንጨቶች የታችኛውን ፊት ፎቶ አንስተህ ለጥፈው፣ የፈረሱንም ጀርባ ከኋላ ከፍ ብለህ አንሳው። ግራው እንጨት አብጦ ወይም ተጣሞ ከሆነ ኮርቻ ሠሪ ሊልገው ይችላል። ያመመው ቦታ ስትነካው መስበቅ እስኪያቆም ምንም አትጫንበት። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው ወይም ካበጠ ወረዳው ክሊኒክ ውሰደው።