የ20 ዓመቱ የበረዶ ሆኪ አጥቂ እድገቱ ቆሟል ወይስ ጊዜ ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የሆኪ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ የክንፍ ተጫዋች ነው። ከዚያ በታች ባለው ሊግ በኤኤችኤል ሁለተኛ ዓመቱ ቢሆንም ነጥቡ (ያገባቸውና ለጎል ያቀበላቸው ድምር) ካምናው ፈቀቅ አላለም። ቆሟል ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦ በነጥብ ብቻ አትፍረድ። መጀመሪያ የሚሰለፍበትን ደቂቃ እይ፤ ከሦስተኛው መስመር (እየተፈራረቁ ከሚገቡት የአጥቂዎች ምድብ) ወደ አንደኛው አድጎ፣ ከተጋጣሚ ምርጥ ተከላካዮች ጋር እየተፋጠጠ ያንኑ ነጥብ ካመጣ እድገት ነው። ቀጥሎ በቁጥር ብልጫ (ተጋጣሚ በቅጣት ተጫዋች ሲጎድልበት) የተገኘውን ነጥብ ቀንስና 5 ለ5 ሲጫወቱ በየ60 ደቂቃው ስንት እንደሚደርሰው አስላ። ሙከራው ጨምሮ ጎሉ ከቀነሰ ብዙውን ጊዜ የዕድል ጉዳይ ነው። ሙከራው ራሱ ከቀነሰ ግን ያሳስባል።

መልስ 2፦ ጨዋታውንም ተመልከት። ፓኩን (በዱላ የሚመታውን ክብ ጎማ) ሲቀበል ቀና ብሎ ያያል ወይስ ዱላው ላይ ያቀረቅራል? ሁሌ ከዳር እየመታ ጎሉ ፊት የማይገባ ከሆነ፣ በታዳጊዎች ሊግ ያስመልጠው የነበረው ፍጥነት እዚህ አልበቃውም ማለት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው።

መልስ 3፦ በ20 ዓመት መፍረድ መቸኮል ነው። የኤንኤችኤል አጥቂው ቴጅ ቶምፕሰን በ2016 ድራፍት በ26ኛነት ተመርጦ፣ በ2020-21 በ38 ጨዋታ 8 ጎል ብቻ ነበረው። ክለቡ ቡፋሎ ከክንፍ ወደ መሃል ሲያዛውረው በቀጣዩ የውድድር ዘመን 38 አገባ።