«ወልደየስ» የሚለው የቤተሰባችን ስም መነሻው ከየት ነው?

የጌራ ምድር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ የሚኖረው ውጭ አገር ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያታችን ስም፣ ወልደየስ፣ እዚያ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ልጆቹም በሱ ነው የሚጠሩት። አሁን ትልቋ ልጁ ስለ ቤተሰቧ ስም መነሻ እንድትጽፍ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ተሰጣት። የስም ብዛት የሚያወጣ ድረ ገጽ አገኘችና ወልደየስ የተባለውን ሁሉ ዘመድ አደረገችው። እኔ የማውቀው አያታችን መንዝ ውስጥ የመሐል ሜዳ አካባቢ ሰው እንደነበሩ ብቻ ነው። ስሙ የአንድ ዘር ነው? ከየት ልጀምር?

ሞላሌ፦
ልጄ፣ በመጀመሪያ ያንን ድረ ገጽ ተዪው። ወልደየስ ማለት ወልደ ኢየሱስ ነው። ገብረየስም ሀብተየስም እንደዚያው ናቸው። መንዝ ብትሄጂ ወልደየስ አለ፣ ተጉለት አለ፣ መርሐቤቴም አለ። አንዱ ከአንዱ ላይዛመድ ይችላል። በ1999ኙ ቆጠራ እነዚህ ሁሉ ያሉበት የአማራው ሰሜን ሸዋ ዞን 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ የታተመው ውጤት በዕድሜ፣ በሃይማኖት፣ በብሔረሰብ ነው እንጂ በአያት ስም አይደለም።

እኛ አገር ዘር የሚታወቀው በመቁጠር ነው። እኔ ያደግሁት ትልልቆቹ እሳት ዳር ሲቆጥሩ እየሰማሁ ነው። የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን አስቆጥሮ ነው። ደግሞ በአባት ብቻ አይደለም፣ በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ የጌራ፣ በእናቱ የላሎ ወይም የማማ ተወላጅ ነኝ ሊል ይችላል። ማማ፣ ላሎና ጌራ መንዝን ተካፍለው ያቀኑ አባቶች ናቸው ይባላል፤ ወረዳዎቹ ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ።

የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ። ለመሬት ብሎ የሚቆጥር ጠፋ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩ ግን ቀጠለ። አሁን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉብን ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እባክሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪ።

ስትጠይቂ ከአጥቢያው ጀምሪ። የየትኛው ደብር ሰው ነበሩ? ቀጥሎ የክርስትና ስማቸውን ጠይቂ። ፍትሐቱም ተዝካሩም የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ ካህናቱ «ወልደየስ» ስትያቸው ላያስታውሱ ይችላሉ። አያትሽ የፈረስ ስም ከነበራቸውም ጻፊው፤ ሰዉ «አባ እገሌ» እያለ ዋናውን ስም የሚረሳበት ጊዜ አለ። እናቶችን ደግሞ አደራ እንዳትዘዪ። የቤተሰቡ ግማሽ ያለው እነሱ ጋ ነው።

የመንዲዳው፦
ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። የኛ ሰፈር ሰው የጃቶው አበበ ቢቂላ ነው። ፈረንጆቹ «ቢቂላ» እያሉ ይጽፉታል፤ ቢቂላ ግን አባቱ ናቸው። የሱ ልጆች «አበበ» ተብለው ነው የሚጠሩት። ለልጅቷ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሕጉ ላይ የቤተሰብ ስም አለ። በ1952 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይላል። ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው፤ አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ ማግስት! ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ዛሬም መታወቂያ ላይ የምናስጽፈው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው።

የጌራ ምድር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። አክስቴ ጋ አሁን ደወልኩ። አያቴ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ማርያም ነው አለችኝ። እናታቸው ደግሞ የላሎ ምድር ሰው ናቸው፤ ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። እስከ አራት ቤት ቆጠረችልኝና ከዚያ በላይ ታላቅ ወንድሟ ነው የሚያውቀው አለች።

ሞላሌ፦
ተባረኪ። ታላቅ ወንድሟ ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ቅጂ። አጥቢያውንም እዚህ ጻፊልን፤ የላሎ ሰዎች እዚህ አሉ፣ የሚያውቅ አይጠፋም።