«ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም»፦ እስቲ እናያለን!

የሜክሲኮው ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ምን ሲል ሰማሁ መሰላችሁ? የአፍሪካ ኅብረትም እንደ አውሮፓ ኅብረት ለአባል ሀገራቱ የጋራ የሥራና የኢኮኖሚ መመሪያ ያውጣ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አትደንግጡ፣ ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም» ብሎት አረፈ። ምክርማ እናቴም በየቀኑ ትመክረኛለች፤ ሥራ ግን አላገኘሁም። እኛ ሜክሲኮ አካባቢ ያለን ሰዎች ኅብረቱን የምናውቀው በስብሰባ ሰሞን መንገድ ሲዘጋብን ነው።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሰውየው ግን ልክ ነው። አውሮፓዎቹ በ1997 ሉክሰምበርግ ተሰብስበው የጀመሩት ይሄንኑ ነው። የጋራ የሥራ መመሪያ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ሀገር በየዓመቱ ምን እንደሠራ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይገመግሙታል። ቅጣት የለውም። ያልሠራ በእኩዮቹ ፊት ያፍራል።

ባይተዋር፦ በ1997 እኛ ምርጫ ላይ ነበርን።

ሒሳብ ሹሟ፦ በፈረንጅ ነው ያልኩት።

ባይተዋር፦ አላልሽም። ወደ ላይ ሂጂና አንብቢው።

ጡረተኛው፦ «ያፍራል» አልሽ ልጄ? በ2003 (በፈረንጅ) ጀርመንና ፈረንሳይ የበጀት ጉድለታቸው ሕጋቸው ከፈቀደው 3 በመቶ አለፈ። ሕጉ እንዲጠብቅ ስትወተውት የነበረችው ራሷ ጀርመን ናት። የኅብረቱ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የቅጣቱን ሂደት አቆሙላቸው። ማን አፈረ? ግሪክ ላይ ሲደርስ ግን ጡረታ ተቆረጠ። ጡረታ ሲባል ደግሞ እኔን ያመኛል።

ሒሳብ ሹሟ፦ ጋሼ፣ ሁለት ነገር እየደባለቁ ነው። ያንን ውሳኔ ፍርድ ቤታቸው በዓመቱ ሽሮታል። 3 በመቶው የበጀት ሕግ ነው፤ እሱ ቅጣት አለው። የግሪኩ የብድር ግዴታ ነው። የሥራው መመሪያ ግን ምክር ነው።

ጡረተኛው፦ የደባለቁት እነሱ ናቸው። የኢኮኖሚውንና የሥራውን መመሪያ በ2005 አንድ ጥቅል አደረጉት። ከ2011 ወዲህ በጀቱም ሥራውም በአንድ የዓመት ዙር ነው የሚታየው። የሥራ ሚኒስትሩ ሲናገር የገንዘብ ሚኒስትሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይደምራል። አበዳሪ ሲመክርሽ ምክር ነው?

የሜክሲኮው ልጅ፦ ጋሼ ጨረሱት!

ሶፊ አራት ኪሎ፦ ምኑን ጨረሱት? አንተ «ምክር ብቻ ስለሆነ አይረባም» አልክ። እሳቸው «ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው» አሉ። እርስ በርስ እየተቃረናችሁ ትጨባበጣላችሁ።

ጡረተኛው፦ አንቃረንም። ለሀብታም ምክር፣ ለደሃ ትእዛዝ።

ሶፊ አራት ኪሎ፦ አባባል መልስ አይሆንም ጋሼ። አውሮፓዎቹ በ2000 (በፈረንጅ) ሊዝበን ላይ፣ ለሥራ ከደረሰው ሰው 70 በመቶው በ2010 ሥራ ይኖረዋል አሉ። አልደረሱም። ግን አለመድረሳቸውን እንኳ ያወቅነው ሁሉም በአንድ ሚዛን ስለሚቆጥሩ ነው። የኛ የአፍሪካ መሪዎችም በዚያው አቆጣጠር በ2004 ዋጋዱጉ ላይ ስለ ሥራና ድህነት ተሰብስበው የድርጊት መርሐ ግብር አውጥተዋል። እዚህ ካላችሁት ማን ያስታውሰዋል?

የሜክሲኮው ልጅ፦ ስለዚህ ሌላ ወረቀት ይጨመር ነው የምትይው?

ሶፊ አራት ኪሎ፦ የሚቆጥር ሰው ይጨመር ነው የምለው። አንተ ደግሞ የጻፍኩትን ትተህ ያልጻፍኩትን ታነባለህ።

ባይተዋር፦ ወረቀቱ ቢመጣስ የት ያርፋል? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (በኛ ነው፣ ሒሳብ ሹሟ) ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያይ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። እኔ ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው። ደመወዜን ብነግራችሁ ስለ ሊዝበን ማውራት ታቆማላችሁ።

ሒሳብ ሹሟ፦ እሱ እውነት ነው። ለነገሩ አውሮፓዎቹም የተቀናጁት በፍቅር ብቻ አይደለም። ዩሮን የሚጋራ ሀገር ብቻውን ገንዘቡን አዳክሞ ከችግር አይወጣም፤ የአንዱ ዕዳ የሌላው ራስ ምታት ነው። እኛ ብር አለን፣ ኬንያ ሽልንግ አላት። በአፍሪካ ነጻ ንግድ ስምምነት እንጀምርና መመሪያው ይደርሳል። እሱን ኪጋሊ ላይ በ2018 ፈርመናል። በፈረንጅ!

ሶፊ አራት ኪሎ፦ የዚያኑ ዓመት የሰዎች ነጻ ዝውውር ስምምነትም ነበር። 15 ሀገር ካላጸደቀው ሥራ ላይ አይውልም፤ ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሸቀጡ ይሂድ፣ ሰውየው እዚያው ይቅር! ከዚያ «የሥራ መመሪያ» ይሉናል።

ጡረተኛው፦ ለመሆኑ ያ የኅብረቱ ሕንፃ ያረፈበት ቦታ ድሮ ዓለም በቃኝ እንደነበር ታውቃላችሁ? እዚያ ምክር የሚባል አልነበረም።

የሜክሲኮው ልጅ፦ ጋሼ፣ ወህኒ ቤቱን ደግሞ ምን አመጣው?

ጡረተኛው፦ ሰፈሩን ያነሳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?

ባይተዋር፦ ሒሳብ ሹሟ፣ ከላይ ያለውን 1997 እስካሁን አላረምሽውም።