እንግሊዝ ከገልፍ «በክብር ወጣች» ያለው ማነው?

ታሪክ ወዳዱ፦ ትናንት ማታ በአንድ የዩቲዩብ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ተንታኝ «ፈረንሳይ ከአልጄሪያ በደም ወጣች፣ እንግሊዝ ግን ከገልፍ በክብር ወጣች» ሲል ሰምቼ ሻዩ ትን አለኝ። የምን ክብር ነው? ኖቬምበር 1967 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የዊልሰን መንግሥት ጎሮንዊ ሮበርትስ የሚባል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ወደነበሩት የገልፍ ሼኮች ልኮ «አይዟችሁ፣ የትም አንሄድም» አስባለ። ጃንዋሪ ላይ ያንኑ ሰውዬ መልሶ ልኮ «እስከ 1971 መጨረሻ ጠቅልለን እንወጣለን» አስባለ። ያንኑ ሰውዬ! ለውርደቱ እንኳ ሌላ ሰው አይላክም?

የለንደኑ ዳኛው፦ ደግሞ ጀመረህ። ዊልሰን ምን ያድርግ? ኖቬምበር 18 ፓውንድ ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ወረደ። ካዝናው ባዶ ሆኖ ከባህሬን እስከ ሲንጋፖር ጦር ይቀለብ? ዐቅምን አውቆ መሰብሰብ ክብር ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እየወተወተው አንድ ሻለቃ ወደ ቬትናም ያልላከ መሪ እኮ ነው። ይኼን አንድም ቀን ስታነሱለት አልሰማሁም።

ታሪክ ወዳዱ፦ «ዐቅምን አውቆ መሰብሰብ»! ፓውንዱ በወደቀ ማግስት በቴሌቪዥን ቀርቦ «ኪሳችሁ ያለው ፓውንድ ዋጋው አልቀነሰም» ያለውም ዐቅሙን አውቆ ነው? ኖቬምበር 27 የፈረንሳዩ ደጎል የአውሮፓን የጋራ ገበያ በር ለሁለተኛ ጊዜ ዘጋበት። በ29 የመጨረሻው ወታደር ከደቡብ የመኗ ኤደን ወጣ። በኤደን ፌዴሬሽኑን የሠሩት፣ ሱልጣኖቹን «እንጠብቃችኋለን» ብለው ያስገቡት እነሱ ነበሩ። ሲወጡ አገሩን የተረከበው ሲዋጋቸው የኖረው የነፃነት ግንባር፣ ኤን.ኤል.ኤፍ. ነው። ይኼ ሁሉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ይኼ መሰብሰብ ሳይሆን መበተን ነው።

ቀዥቃዣው፦ ቀኑን በማን አቆጣጠር ነው የምታወሩት? 1967 ገና አልነበርኩም፣ በኛ ከሆነ ግን ደርግ ገብቷል 😂

ታሪክ ወዳዱ፦ በፈረንጅ ነው። ዊልሰን ፓርላማ ቀርቦ መውጣቱን ያወጀው ጃንዋሪ 16 ቀን 1968 ነው። በኛ ጥር 7 ቀን 1960፣ የሥላሴ ዕለት። ረካህ?

ሜሪ ከአቡዳቢ፦ እኔ የምኖርበት አገር ነገር ስለሆነ ልግባ። ዳኛው ብር አጥተው ነው ይላል። ገልፍ ላይ የነበረው ጦር በዓመት የሚበላው የውጭ ምንዛሪ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። የአቡዳቢው ገዥ ሼክ ዛይድ «ወጪውን እኛ እንቻለው፣ ብቻ ቆዩ» አሏቸው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዴኒስ ሂሊ የመለሰውን ታውቃላችሁ? ቢቢሲ ላይ ቀርቦ ለዓረብ ሼኮች ባሪያ ፈንጋይ መሆን ደስ አይለኝም በሚል አነጋገር ዘለፋቸው። የቸገረው ሰው «ልክፈልልህ» ሲባል እንዲህ ይሳደባል?

የለንደኑ ዳኛው፦ የሂሊ አፍ የታወቀ ነው፣ ለሱ ጥብቅና አልቆምም። ግን የንግሥቲቱ ጦር በኪራይ ይቁም? ያን ጊዜ ደግሞ «ቅጥረኞች» ብላችሁ ትከስሷቸው ነበር።

ሳምሪ፦ ሜሪ ተባረኪ፣ ዋናውን ነካሽው። ከፓውንዱ ውድቀት በኋላ ካላሃን ከገንዘብ ሚኒስቴር ለቆ ሮይ ጄንኪንስ ገባ። ወጪ መቀነስ ነበረበት። የዊልሰን ፓርቲ ሌበር በ1965 የሰረዘውን የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ በ1968 መለሰው፤ ሕዝቡ እንደገና በአንድ መድኃኒት 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ቆጥሮ መክፈል ጀመረ። የግዴታ ትምህርት ማብቂያ ዕድሜን ወደ 16 ማሳደጉም ለሁለት ዓመት ተራዘመ፤ ሎርድ ሎንግፎርድ በዚህ ተናዶ ከካቢኔ ወጣ። የፓርቲው ግራ ክንፍ ይኼን ሁሉ ዋጥ እንዲያደርግ ወታደሮቹም አንድ ነገር መነጠቅ ነበረባቸው። ኤፍ-111 አውሮፕላኖቹ ተሰረዙ፣ ገልፍም አብሮ ሄደ። ዛይድ 12 ሚሊዮኑን በወርቅ ሣጥን ቢያመጡትም ለጄንኪንስ አይጠቅመውም ነበር፤ የሚፈልገው ሲቆረጥ የሚታይ ነገር ነው። ዳኛው «ዐቅም» የምትለው ይኼ የካቢኔ ድርድር ነው።

የለንደኑ ዳኛው፦ የካቢኔ ድርድር ታዲያ ወንጀል ነው? ዲሞክራሲ ባለበት አገር እንዲህ ነው የሚወሰነው። እኛ ስላልለመድነው ይገርመናል።

ታሪክ ወዳዱ፦ ይኸው፣ ሲጠፋበት እኛን መሳደብ።

ጋሽ ደምሴ፦ ልጆች፣ ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር ረሳችሁ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ይቺው እንግሊዝ ኦጋዴንን እስከ 1948፣ ሐውድን እስከ 1955 በፈረንጅ ይዛ ተቀምጣለች። ከጦርነት የወጣች ደሃ አገር ነኝ ትል በነበረበት ጊዜ ነው ይኼ። ያኔ ወጪው አልከበዳትም። እንግሊዝ ከሰው ቤት መቼ እንደምትወጣ እኛን ጠይቁን።

የለንደኑ ዳኛው፦ ጋሽ ደምሴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚሉት የቸርችልና የአትሊ ዘመን ነው። አርበኞቻችን ሲዋጉ ከጎናቸው ማን እንደነበርም አይርሱ።

ጋሽ ደምሴ፦ አልረሳሁም። ሒሳቡን ግን አስከፍለውናል ነው የምለው።

ሜሪ ከአቡዳቢ፦ ወደ «ክብሩ» እንመለስ። የጥበቃው ውል የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 1971 ነው። ኖቬምበር 30፣ ውሉ ገና እየሠራ፣ የኢራኑ ሻህ ጦር አቡ ሙሳንና ሁለቱን ቱንብ የተባሉ የገልፍ ደሴቶች ያዘ። በአቡ ሙሳ ከባለቤቷ ከሻርጃ ሼክ ጋር ስምምነት ነበር፣ እሺ። በታላቁ ቱንብ ግን የራስ አል-ኸይማ ሼክ ፖሊሶች ተዋግተው ሞቱ። ጠባቂዋ እንግሊዝ አንድ ጥይት አልተኮሰችም። እዚህ አገር ዛሬም ድረስ በየስብሰባው የሚነሳ ቁስል ነው። ተንታኙ መጥቶ «በክብር» ይበላቸው።

የለንደኑ ዳኛው፦ ለአንድ ቀን ውል ከኢራን ጋር ጦርነት ይግጠሙ?

ሜሪ ከአቡዳቢ፦ ውል ውል ነው ወይስ አይደለም? በመጨረሻው ቀን የማይሠራ ከሆነ ቀድሞውኑ ለምን ተፈረመ?

ቀዥቃዣው፦ ፎክላንድስ? 1982 ላይ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደው ተዋግተዋል እኮ። ዐቅም የለም ስትሉ…

ታሪክ ወዳዱ፦ እሱንም ራሳቸው ናቸው የጠሩት። በ1981 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆን ኖት ኢንዱራንስ የምትባለውን የጥበቃ መርከብ ትውጣ ሲል አርጀንቲና «ትተውታል» ብላ ገባች።

ሳምሪ፦ ወግ አጥባቂዎቹንም አትርሷቸው። ሂዝ ተቃዋሚ ሳለ የዊልሰንን ውሳኔ እቀለብሳለሁ ሲል ነበር፤ በ1970 ተመረጠ፤ ማርች 1971 ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳግላስ-ሂዩም ፓርላማ ቀርቦ «እንወጣለን» አለ። ደግሞስ ሙሉ በሙሉ መቼ ወጡ? ዶፋር ላይ የኤስ.ኤ.ኤስ. ልዩ ኃይል ወታደሮቻቸው እስከ 1976 ከኦማን ሱልጣን ጎን ሲዋጉ ነበር። የሕንድ ውቅያኖሷን ደሴት ዲዬጎ ጋርሲያን ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ለማስረከብ ከ1968 እስከ 1973 የቻጎስን ሕዝብ ከደሴቶቹ አባርረው ሞሪሺየስና ሲሼልስ ላይ ጣሉት። ዊልሰን «ከስዌዝ ምሥራቅ እንወጣለን» እያለ ማለት ነው።

የለንደኑ ዳኛው፦ ቻጎስ ነውር ነው፣ አልከራከርም። ግን ሌላ ርዕስ ነው፣ ለብቻው ክፈቱት።

ሳምሪ፦ ያው መንግሥት፣ ያው ዓመት፣ ያው ውቅያኖስ። እንዴት ነው ሌላ ርዕስ የሚሆነው?

ታሪክ ወዳዱ፦ ዳኛው፣ መጀመሪያ ላነሳሁት መልስ አልሰጠህም። ሮበርትስ ኖቬምበር ላይ «አንሄድም» ሲል ካቢኔው መውጣቱን ያውቅ ነበር ወይ?

የለንደኑ ዳኛው፦ አልተወሰነም ነበራ! ፓውንዱ ገና አልወረደም።

ታሪክ ወዳዱ፦ ታዲያ ቃል ሲገባ «ጊዜያዊ ነው» አይልም? ሰው በዚያ ቃል ተማምኖ አገር ያስተዳድራል እኮ።

የለንደኑ ዳኛው፦ አንተ ብትሆን ወድቄያለሁ ብለህ ለገበያው ታውጅ ነበር?

ቀዥቃዣው፦ የዩቲዩቡን ሊንክ ግን ማንም አልለጠፈም። ማን ነው ተንታኙ?